አያ ፈንቴ ያልሳቱት አራት ፊደል

የራሰ የሱፍ ካፖርት ሽታ ታውቃላችሁ? እርጥብ በግና የምድጃ ጭስ የተቀላቀለበት፣ አፍንጫ ውስጥ አንዴ ከገባ ቶሎ የማይወጣ ሽታ ነው። ባለፈው ሐምሌ ዳንግላ ለቅሶ ደርሼ ወደ እንጅባራ በሚኒባስ ስመለስ ይኸው ሽታ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል፤ ረዳቱ ሦስት ሰው በሚበቃው ወንበር ላይ አራተኛ ለመጨመር “ጠጋ ጠጋ በሉ” እያለ ይለማመጣል። ዓይኔን ጨፍኜ ነበርና ስገልጠው መጀመሪያ ያየሁት ካፖርቱን ነው። ጥቁር አረንጓዴ የወንድ ካፖርት፣ እጅጌው ወደ ውስጥ ታጥፎ የተሰፋ። ቁልፎቹ የነሐስ ናቸው፤ ከላይ ሦስተኛው ግን ከቀርከሃ ተቀርጾ የተተካ ነው። ያን የቀርከሃ ቁልፍ ማን እንደቀረጸው፣ በምን ቢላዋ፣ የትኛው በር ላይ ተቀምጦ እንደቀረጸው አውቃለሁ። አጠገባቸው ቆሜ ሻይ እየጠጣሁ ሳሾፍባቸው ነበር የቀረጹት።

ካፖርቱን የለበሰችው ሴት አርባዎቹን ጀምራለች። “ይቅርታ እህቴ፣ ይሄ ካፖርት የማን ነው?” አልኋት። “ያባቴ ነበር” አለችና ፊቴን አተኩራ አየችው። “እርስዎ የኮምፒውተር ክፍሏ አይደሉም? አባቴ ያኔ ከሩቅ አሳይቶኝ ነበር።” እናትነሽ ነበረች፤ የዘበኛችን የአያ ፈንቴ ልጅ። ከሃያ ዓመት በላይ ስሟን በልቤ ይዤ ስዞር ፊቷን አላውቀውም ነበር። “ነበር” ማለቷ ለጥያቄዬ መልስ ስለሆነ አባትሽ እንዴት ናቸው አላልኋትም። ነፍስ ይማር ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ መኪናውም ተነሣ።

ያኔ እንጅባራ እንዲህ አልነበረችም፤ ኮሶበር የሚላት ሰው ይበዛ ነበር። አሁን ተማሪዎቹ ባጃጅ ውስጥ ተጣበው ስልካቸውን እየነካኩ፣ ለአንድ ደቂቃ ኔትወርክ ሲጠፋ “ምን ዓይነት ከተማ ነው ይሄ!” ሲሉ ስሰማ ለብቻዬ እስቃለሁ። በእኛ ጊዜ ከተማዋ አንድ አስፋልት፣ ብዙ ጭቃና ከዚያም የበዛ ብርድ ነበረች። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ ዳቦ ለጨመረ ሌላ ሃምሳ። መናኸሪያው አጥር ሥር ሴቶች ቅቅል ድንች ከሚጥሚጣ ጋር ይሸጡ ነበር፤ ሁለት ገዝተሽ በመዳፍሽ ይዘሽ ከሄድሽ እጅሽም ሆድሽም ይሞቃል። ከድንቹ ማዶ የካሴት ሱቅ ነበረ። ባለሱቁ አንዲት የፍቅር ዘፈን ከጠዋት ጀምሮ ሲመላልሳት ክሩ ላልቶ ዘፋኟ እንቅልፍ የጣላት ትመስል ነበር። እኛ ሴቶቹ ከጉርድ ቀሚስ ሥር ሱሪ፣ ከሱሪው ሥር ወፍራም ካልሲ፣ ከላይ በእጅ የተሠራ ሹራብ እንደርብ ነበርና ወንዶቹ “እናንተን ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል” እያሉ ያሾፉብን ነበር። ዛሬ ድንች ሻጮቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ እኔም በዚያ ባለፍሁ ቁጥር እጄ ይቀዘቅዘኛል።

የጤና መሥሪያ ቤታችን ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር። ሠላሳን ተሻግሬ፣ ሳላገባ፣ ባሕር ዳር የሦስት ወር ሥልጠና ወስጄ ስመጣ የአንዲት ጠባብ ክፍል ቁልፍ ተሰጠኝ። ክፍሏ ውስጥ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር አለ። ማውስ የለው፣ ሥዕል የለው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ብቻ። ሥራው ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች መንገድ ማሳየት ነበር። ከዳንግላ ቅርንጫፋችን በስልክ መስመር የሚመጣውን ተቀብሎ ወደ ባሕር ዳር ያሻግራል፤ ከባሕር ዳር የሚመጣውን ለዳንግላ ያደርሳል። ከራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። “ለዳንግላ የሆነ ሁሉ በዚህ በር ይውጣ፣ የቀረው በዚያኛው” ብለሽ በትእዛዝ ትነግሪዋለሽ። አንድ ቁጥር ከሳትሽ የዳንግላው መልእክት ባሕር ዳር ሄዶ ጠፍቶ ይቀራል። መንገዱን ከሰጠሽው በኋላ ለሙከራ አንዲት ትንሽ ሰላምታ ትልኪያለሽ፤ “አለህ ወይ?” እንደማለት ናት። ዳንግላ “አለሁ፣ አለሁ” እያለ መልሱ መስመር በመስመር ስክሪኑ ላይ ሲወርድ፣ እውነቴን ነው፣ ልቤ ይዘል ነበር። የተማርሁበት መጽሐፍ ፎቶ ኮፒው የደበዘዘ፣ በሲባጎ የታሰረ እንግሊዝኛ ነበር፤ ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹን በድፍረት ሞላሁት። “ደግሞ ሴት ይሄን ታውቃለች?” የሚሉም ነበሩ፤ በፊቴም ይሉት ነበር።

መጽሐፉ ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው አንድ ነገር ነበር። በትእዛዝ የነገርሽው መንገድ የሚቆየው ማሽኑ ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ጠፍቶ ሲነሣ የሚያነበው በፋይል ላይ ተጽፎ የተቀመጠለትን ነው። ስለዚህ መንገድ በቀየርሽ ቁጥር ሄደሽ ፋይሉ ላይ ትጽፊዋለሽ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት።

አያ ፈንቴ የጥርባ ሰው ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ነው፤ አማርኛቸው ዝግ ያለ፣ ቃሉን እየመረጠ የሚሄድ ነበር። በጎልማሳነታቸው ፈረሰኛ ነበሩ፤ ዘበኛ ሆነውም የሚቀመጡት እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ ኮርቻ ላይ እንዳሉ ነው። በእኛ አገር ሰማይ ሲያጉረመርም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ከሶኬት መንቀል ነው። ራዲዮም ይሁን ቴሌቪዥን፣ ሁሉም ይነቀላል፤ ወሬም ይቀንሳል። እኛም መብረቅ አንድ ማሽን አቃጥሎብን ስለነበር ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር እነቅላለሁ። ችግሩ እኔ ሁልጊዜ ክፍሏ ውስጥ አልቀመጥም፤ ማሽኑ ደግሞ በድንገት ሲነቀል አይወድም፣ አስቀድሞ “አቁም” መባል አለበት። የማቆሚያዋ ቃል አራት የእንግሊዝኛ ፊደል ናት። አያ ፈንቴ አማርኛውን እንጂ እንግሊዝኛውን አያነቡም። ታዲያ ምን አደረግሁ? ከቦርሳዬ ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣሁና ኪቦርዱ ላይ በመጀመሪያው ፊደል አንድ ነጥብ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት፣ በአራተኛው አራት ነጥብ አደረግሁ፤ ለመጨረሻው ትልቁ ቁልፍ ደግሞ ጎላ ያለ መስመር።

“ማሽኗን ሙሽራ አደረግሻት?” አሉኝ አያ ፈንቴ። “ምነው አንች ራስሽ ቀረሽ?”

“እኔን ማን ይወስደኛል አያ ፈንቴ?”

“እንዴ! ብርድ የማይፈራ ሰው ይጥፋ?”

ከዚያ ወዲያ የክፍሏ ትርፍ ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ሆነ። ሰማዩ ሲጠቁር እጃቸውን ይታጠባሉ፣ በካፖርታቸው ያደርቃሉ፣ በሌባ ጣታቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለው በአዊኛ እየቆጠሩ ይጫናሉ፤ ትልቁን ቁልፍ ትንሽ ጠንከር ያደርጉበታል። ስክሪኑ ጸጥ እስኪል ጠብቀው ይነቅላሉ። ዝናቡ ሲያልፍ ይሰኩታል። ሁለት ክረምት እንዲህ ሲያደርጉ አንድ ቀን እንኳ ሳቱ ሲባል አልሰማሁም።

በሁለተኛው ክረምት አንድ ቀን የዳንግላው አሮጌ መስመር ተነቅሎ አዲስ ገባ። በጠዋት ለማሽኑ አዲሱን መንገድ በትእዛዝ ነገርሁት፤ ሰላምታ ላክሁ፤ ዳንግላ “አለሁ” አለ። በስልክም “ገባልን፣ ተባረኪ” አሉኝ። ቀኑ ለነርስነት ሥልጠና የሚመዘገቡ ልጆች ስም በእኛ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚላክበት የመጨረሻው ቀን ነበር፤ መዝጊያው አሥራ አንድ ሰዓት። የብዙዎቹ በጠዋት ሄደ። እናትነሽ ዳንግላ አክስቷ ቤት ሆና ነው የተማረችው፤ ከትምህርት ቤት የሚሰጣት ወረቀት ስለዘገየ የእሷ ለከሰዓት በኋላ ቀረ። አያ ፈንቴ ይህን ለእኔ ሦስት ጊዜ ነግረውኛል። “የኔም ልጅ በዚህች በኩል ናት የምታልፍ” እያሉ የክፍሏን በር መታ መታ አድርገዋል።

የቀረኝ ፋይሉ ላይ መጻፍ ብቻ ነበር። እኔ ግን ገበያው ጥግ ጋሽ ሰይድ የሚባል ልብስ ሰፊ ዘንድ የሚለካ ቀሚስ ነበረኝ። የወይን ጠጅ ቀለም፣ ወገቡ ላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ያለ፤ ለጓደኛዬ ሠርግ። ሠርጉ ላይ እንዲያየኝ የምፈልገው ሰው ነበር፤ ስሙ አሁን ምን ያደርጋል። “አያ ፈንቴ፣ ገበያ ደርሼ መጣሁ። ካጉረመረመ እንደተለመደው ያድርጉልኝ” ብዬ ወጣሁ። ፋይሉን ስመለስ እጽፈዋለሁ አልሁ።

ገበያ ስደርስ ሰማዩ ተከፈተ። ነጎድጓዱ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያንቀጠቅጠዋል፤ በረዶውም ተጨመረበት። ጋሽ ሰይድ የስፌት መኪናውን እየገፋ “አትቸኩይ፣ ዝናብ ያቆመው ሰው አይወቀስም” አለኝ። እኔም አልቸኮልሁም። መስተዋቱ ፊት ወገቤ በስፒል ተይዞ ወዲያና ወዲህ እየዞርሁ ስታይ በሩ ተከፈተ። አያ ፈንቴ ናቸው። ውሃው ከካፖርታቸው እስከ መሬት ይንጠባጠባል፤ የራሰው ሱፍ ሽታ ቤቱን ሞላው። ገበያውን ሱቅ በሱቅ ሲፈልጉኝ ቆይተዋል።

“ልጀ፣ ዳንግላ ጠፋ” አሉኝ። “በስልክ ደወሉ፣ አያልፍም አሉ።”

በቀሚሱ ላይ ሹራቤን ደርቤ ሮጥሁ። የሆነውን መንገድ ላይ እያለሁ ነው ያወቅሁት። አያ ፈንቴ ማሽኑን በወጉ አቁመዋል፣ ነቅለዋል፣ ዝናቡ ሲያባራ መልሰው ሰክተዋል። ማሽኑም ሲነሣ የድሮውን ጽሑፍ አንብቦ የዳንግላን መልእክት ሁሉ ጠዋት ወደተነቀለው መስመር ይሰዳል፤ ሌላ የነገረው የለማ። ገብቼ አንዲት መስመር ትእዛዝ ጻፍሁ። ዳንግላ ወዲያው “አለሁ” አለ። ሰዓቱ ግን አሥራ አንድ ካለፈ ሃያ ደቂቃ ሆኖታል። ባሕር ዳር ደወልን፤ ተዘግቷል፣ ለዓመቱ ሞክሩ አሉን። ለዓመቱ እናትነሽ ተዳረች።

አለቃችን በማግሥቱ በር ላይ ቆሞ “ማነው የነቀለው?” አለ። አያ ፈንቴ “እኔ ነኝ” አሉ። “አንተ ሰውየ፣ ማን ንካ አለህ?” አላቸው፤ በዕድሜ አባቱ የሚሆኑትን ሰው አንተ አላቸው። ወደ እኔ ዞረና “ስለተነቀለ ነው አይደል?” አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ “አዎ፣ ተነቅሎ ነበር” አልሁ። ፈራሁ። ያችን ክፍል ከእጄ ሊያወጡ ምክንያት የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ፤ እውነቱን ብናገር “ሴት አላልናችሁም?” ይሉ ነበር። ይህን ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ፤ አንድም ቀን አላጽናናኝም። ቁልፉን ተቀበሏቸውና ጥሊሊ የሚገኝ የዕቃ ግቢ እንዲጠብቁ ላኳቸው።

ሊሄዱ ሲሉ ክፍሌ በር ላይ መጡ። አልገቡም።

“ልጀ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፈረስ እንኳ አንዴ የሄደበትን መንገድ አይረሳም። ይሄ ማሽን ሲጠፋ መንገዱን ይረሳል?”

የተጻፈለትን አይረሳም ማለት ነበረብኝ። “ይረሳል፣ አያ ፈንቴ” አልኋቸው።

“እንግዲያ ያስረሳሁት እኔ ነኛ” አሉ። “የቆጡን አወርድ ብየ የብብቴን ጣልሁ።” ሄዱ። ሥራውን ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ማሽኖቹ ተቀያየሩ፣ ትልልቆቹ መጡ፣ ጡረታም ወጣሁ። መንገድ ሳልጽፍ ከወንበር ተነሥቼ አላውቅም። ለአያ ፈንቴ ግን ይህ ምን ይፈይዳል?

ሚኒባሱ ውስጥ እናትነሽ ካፖርቱን እየጨመቀች ስለ አባቷ ታወራኛለች። ከዚያ ወዲህ ሶኬት ነክተው አያውቁም። ነጎድጓድ ሲመጣ እናቷ “እጅህን ሰብስብ” ይሏቸው ነበር፤ እሳቸውም እጃቸውን ካፖርቱ ውስጥ ይከቱ ነበር። “ዓመት ከዓመት ቀልድ ይመስል ነበር፤ ቀልድ ግን አልነበረም” አለች። “ሊሞት ሲል ሦስት ቀን ሙሉ ብርድ ልብሱን በጣቱ ይመታ ነበር። አራት ጊዜ ቀስ ቀስ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ጠንከር። ቄሱም ጸሎት እየቆጠረ ነው አሉን። እኛም ጸሎት መስሎን ተውነው።”

የት ልግባ? ጸሎት አልነበረም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ትልቁ ቁልፍ። የቱ ጋ እንደሳቱ ይፈልጉ ነበር። እዚያው በሰው መሐል አለቀስሁ፤ ረዳቱ እንኳ ሂሳብ መጠየቁን ተወ። “እናትነሽ፣ አባትሽ አልሳቱም” አልኋት። “አንድም ፊደል አልሳቱም።” ፋይሉን፣ ቀሚሱን፣ መስተዋቱን፣ በር ላይ የጠየቁኝን፣ የመለስሁላቸውን፣ ሁሉንም ነገርኋት። እንጅባራ ገባን። ስንወርድ ካፖርቱን እስከ አንገቷ ቆለፈችና “እኔስ ቆይቷል” አለች። “ልጆች አሳደግሁ፣ ሱቅ ከፈትሁ፣ ለእኔ ከሆነ ይለፍ። እናቴ ግን አለች። ለእሷ ይንገሩልኝ።”

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ዘንድ ስንት አድሮ! በእሑዱ በባጃጅ ጥርባ ሄድሁ። አሮጊቷ በረንዳ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ፀሐይ እየሞቁ ነበር። አማርኛ አይሰሙም። እኔ ደግሞ ሠላሳ ምናምን ዓመት በዚህ አገር ኖሬ ከአዊኛ የማውቀው ሰላምታና የድንች ዋጋ መጠየቅ ብቻ ነው፤ ይህንንም ያን ቀን አፈርሁበት። እናትነሽ መሐላችን ተቀመጠች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ታሻግራለች። የራሴን ኃጢአት በማላውቀው ቋንቋ ሲነገር ሰማሁት፤ የሚገባኝ የአያ ፈንቴ ስም ብቻ ነበር። አንድ ቦታ ላይ እናትነሽ ጉልበቷን በጣቷ አራት ጊዜ መታች፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋ። አሮጊቷ ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

ከዚያ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። እናትነሽ ልትተረጉም አፏን ከፈተችና ተወችው።

“ምን አሉ?” አልኋት።

“ይተዉት።”

“ንገሪኝ እንጂ።”

“‘ለመሆኑ ቀሚሱ አምሮብሽ ነበር?’ ነው የምትል” አለችኝ።

አልለበስሁትም ልል ይቻለኝ ነበር፤ ደስ የሚላቸው እሱ ሊሆን ይችላል። ግን ለሠርጉ ለብሼው ነበር። ያ ሰው አይቶኝ ነበር፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ስስቅ ነበር።

“አዎ፣ እማማ” አልሁ። “በጣም አምሮብኝ ነበር።”

እናትነሽ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጥርባ ኋላ ሰማዩ ማጉረምረም ጀምሮ ነበር፤ ሁለት እጃቸውን ቀስ ብለው ነጠላቸው ውስጥ ሰበሰቡ።